ዕጣ ወጥቶላቸው ለምን ጥለው ሄዱ?

[ማለዳ። ወጣቶች በፋብሪካ አጥር ሥር ተሰልፈዋል።]

አንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልጋል። 50 ሰው ይበቃዋል እንበል፤ በሩ ላይ የተሰለፈው ግን 200 ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሁሉም መስፈርቱን ያሟላሉ። ታዲያ ማን ይግባ?

ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ለድርጅቶቹ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ዕጣ ይውጣ።

ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ለተመራማሪ ግን ትልቅ ሲሳይ ነው። ፋብሪካ የገባችውንና ደጅ የቀረችውን ዝም ብለን ብናወዳድር፣ የገባችው ድሮውንም ቀልጣፋ ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ቢሮው ውስጥ አጎት ይኖራታል። ኑሮዋ ቢሻሻል ከሥራው ይሁን ከአጎቷ በምን እናውቃለን? ዕጣ ግን ዘመድ አያውቅም።

[የኢትዮጵያ ካርታ፤ አምስት ነጥቦች ይበራሉ።]

ጥናቱ የተካሄደው እዚሁ እኛ አገር ነው፤ በ2010 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።) ድርጅቶቹ አምስት ናቸው፦ አንድ የመጠጥ ፋብሪካ፣ አንድ የአትክልት እርሻ፣ አንድ የአበባ እርሻ፣ አንድ ጫማ ፋብሪካ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅና ጋርመንት። ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሥራውን አገኘ። ሌላው የጥቂት ቀን የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ገደማ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልደረሰውም።

ግምቱ የእኔም የእናንተም ግምት ነው። ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ፣ ጣሪያ ያለው ሥራ፤ ከጉሊትና ከቀን ሥራ መቼም ይሻላል። ተመራማሪዎቹም ያሰቡት ይህንኑ ነበር።

[ባዶ የስፌት ወንበሮች።]

ከተቀጠሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ወጡ። ዓመት ሳይሞላ ከአራቱ ሦስቱ በቦታቸው የሉም።

ከዓመት በኋላ ገቢያቸው ሲታይ ምንም ካልደረሳቸው ሰዎች አይበልጥም። የባሰው ደግሞ፣ የሥራ ዕጣ በወጣላቸው ዘንድ ከባድ የጤና እክል የገጠማቸው ሰዎች ድርሻ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ። ገንዘብ የተሰጣቸውስ? ነገዱ፣ አረቡ፣ ቸረቸሩ፤ ገቢያቸው በሲሶ አደገ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ አባባል አለ፦ «ልጆቹ ሥራ አይወዱም፤ የፋብሪካ ባህል የላቸውም።» እኔ ይህን አባባል አልወደውም፤ ቁጥሩም አይደግፈውም። ጥለው የወጡት ቤት አልተቀመጡም። ግንባታ ላይ ኮንክሪት ተሸከሙ፣ ወደ ቤተሰብ እርሻ ተመለሱ፣ ገበያ ወጡ። ለእነሱ ፋብሪካ የክፉ ቀን መጠለያ ነበር፤ አባት ሲታመም፣ ዝናብ ሲቀር፣ ሌላው ሥራ ሲጠፋ ይገባሉ፤ ቀኑ ሲያልፍ ይወጣሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

[አንድ ጠባብ ክፍል፤ ሁለት ፍራሽ መሬት ላይ።]

ሒሳቡን ቀረብ ብለን እንየው። ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ እናስብ። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ሰርቪስ እንዳያመልጣት ሳይነጋ ትነሳለች፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ኪስ፣ ያንኑ ኪስ፣ ትሰፋለች። አንድ ቀን ከቀረች ደመወዟ ይቆረጣል። የወር ደመወዟ ኪራይና ምግብ ከወጣለት በኋላ ዕቁብ እንኳ አያስጥላትም። መንደሯ ብትሆን ኪራይ የለም፤ ሽሮው የእናቷ ነው። ይህችን ልጅ «ለምን ወጣሽ?» ከማለት «ለምን ቆየሽ?» ማለት ይቀላል።

ደግሞ ደላላው አለ። የአረብ አገር የቤት ሠራተኛ ደመወዝ፣ ከነመከራው፣ የዚህን ብዙ እጥፍ ነው።

ተመራማሪዎቹ ከሌላ ተመራማሪ፣ ከሳይመን ፍራንክሊን ጋር ሆነው ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ፈልገው ጠየቁ። ሦስቱም ቡድን እኩል ሆኖ ተገኘ ማለት ይቻላል። የ300 ዶላሩ ትርፍ ጠፍቷል፤ ብዙዎቹ ንግዱን ትተውታል። የጤናው ጉዳትም አልታየም። አንድ ጊዜ የተሰጠ ሥራም፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብም ሕይወታቸውን ለዘለቄታው አልቀየረውም። ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ ከባዱ ውጤት ይኸኛው ነው።

[የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከላይ ሲታይ።]

በ2016 ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የውጭ ባለሀብቱን የጠራው ርካሽ ጉልበት፣ ርካሽ መብራትና አጎዋ ነው። አጎዋ ማለት አሜሪካ በ2000 ያወጣችው ሕግ ነው፤ ብቁ ካለቻቸው የአፍሪካ አገሮች የሚገባ ልብስ ቀረጥ እንዳይከፍል ያደረገ። እንደ ልብሱ ዓይነት ከ15 በመቶ በላይ ሊደርስ ከሚችል ቀረጥ መዳን፣ በሳንቲም ለሚሠራ ኢንዱስትሪ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የጋርመንት መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብለው መዘገቡት፤ ያኔ 750 ብር ገደማ ማለት ነው። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ አልተቀመጠም ነበር። ሐዋሳም ልክ እንደ ዕጣው ጥናት ሠራተኛው ይገባል፣ ይወጣል። ፋብሪካው አሠልጥኖ ሳይጨርስ የሠለጠነው ይሄዳል፤ እጅ ያልፈታ ሠራተኛ ደግሞ ምርቱን ያዘገያል፤ ምርት ሲዘገይ ደመወዝ የሚጨመርበት ምክንያት ይጠፋል። ርካሽ ጉልበት የተባለው በዚህ መንገድ ውድ ይሆናል።

በጃንዋሪ 1 ቀን 2022 አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል ብላ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። የፓርኩ ግንባር ቀደም ባለሀብት የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ቀድሞ፣ በ2021 ኖቬምበር ወር፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ስንቱን ችላ መስመር መሪ የሆነችውም ትናንት የተቀጠረችውም አብረው ይሰናበታሉ።