የአንጥረኛው ስም የት አለ?

ክቡራን እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ በተለይ ዛሬ በብርና በወርቅ ሥራ የምትመረቁ ልጆቻችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ያለነው እንጦጦ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እዚሁ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ጣይቱ ተከተሏቸው። ያ ዘመን ሲነሳ ሁላችንም ዘውዱን እናወራለን። እኔ ግን ዛሬ ስለ ብሩ ማውራት እፈልጋለሁ።

ወይዛዝርቱ ያጌጡበት ድሪ፣ አልቦና አምባር ብዙው ከባሕር ማዶ በመጣ ብር የተሠራ ነው። ማርትሬዛን አያቶቻችሁ ያውቁታል፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ከዚያም በኋላ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ይመታ ነበር። በቀይ ባሕር ወደቦች ገባ። በቡና፣ በዝባድና በዝሆን ጥርስ ተለወጠ። በሰውም ተለውጧል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ገበያ ላይ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀበለው አልነበረም። በንግሥቲቱ ምስል ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች ይቆጠሩ ነበር። ዘጠኝ ካልሞሉ ብሩ ይመለስ ነበር። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ፓሪስ ሲያስመቱ እንኳ ሕዝቡ ማርትሬዛን አልተወም።

አንጥረኛው ይህን 28 ግራም ብር ወናፉን እየነፋ ያቀልጠዋል። ይቀጠቅጠዋል። በብረት ቀዳዳ እየሳበ እንደ ክር ያቀጥነዋል። ሁለቱን ገምዶ፣ በጉጠት ጠምዝዞ፣ አበባ ያወጣለታል። የምሥራቅና የምዕራብ የባህል ልውውጥ ሲባል እኔ የሚታየኝ ይሄ እጅ ነው።

መቅደላ ላይ የሆነው ግን ልውውጥ አይደለም፣ ዘረፋ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና የብር ጌጦች ለንደን ደረሱ። ዛሬም በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እጅ ናቸው። መመለስ አለባቸው።

አንዱ በደል ግን የእኛው ነው። ጌጡን አንገታችን ላይ አድርገን የሠራውን ሰው "ቡዳ" አልነው። ማዕድ ከለከልነው። የጌጡን ባለቤት ስም እናውቃለን፤ የአንጥረኛውን ስም ግን የመዘገበልን የለም።

ልጆች፣ እባካችሁ፣ ከእጃችሁ የሚወጣ ጌጥ ሁሉ ጀርባው ላይ ስማችሁን ቅረጹበት። በየሰፈራችሁ ያሉትን አረጋውያን አንጥረኞች ሄዳችሁ ጠይቁ። ስማቸውን፣ ያስተማራቸውን ሰው፣ የሠሩትን ሁሉ ጻፉ። ሳይረፍድ፣ በዚህ ክረምት ጀምሩት።

አመሰግናለሁ።