የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በኢንተርኔት ጨረታ ስትገዙ በየት በኩል ትከፍላላችሁ?

የዛሬው ጥያቄና መልሳችን በኢንተርኔት ጨረታ ስለመግዛት ነው። አብዛኞቻችሁ የደወላችሁት ከአሜሪካ ስለሆነ ኢቤይ በተባለው የመገበያያና የጨረታ ድረ ገጽ ላይ እናተኩራለን። ብዙዎቻችሁ «ሻጩን እንዴት ልመነው?» ብላችኋል። እኔ ከሻጩ በፊት የማየው ክፈሉ የተባላችሁበትን መንገድ ነው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ላፕቶፕ ተጫርቼ ተሸነፍኩ። በማግስቱ «አሸናፊው አልከፈለም፤ በ420 ዶላር ውሰደው፤ ገንዘቡን በዜል ላክ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። እውነት ይሆን?

መልስ፦ አሸናፊው ሳይከፍል ሲቀር ሻጩ ዕቃውን ለተከታዩ ተጫራች ማቅረብ ይችላል። «ሰከንድ ቻንስ ኦፈር» ይባላል፤ በኢቤይ ያለ አሠራር ነው። አጭበርባሪዎቹ የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የፈጠራ ቢሆን ማን ያምናቸዋል? እውነተኛው ከሆነ ግን ኢቤይ አካውንትህ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥንም ይገኛል። ኢሜይሉ ላይ ያለውን ሊንክ አትንካ። አድራሻውን ራስህ ጽፈህ ግባና እይ። እዚያ ከሌለ ውሸት ነው።

ለነገሩ ዜል፣ ማለትም ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ በቀጥታ ገንዘብ መላኪያው፣ መባሉ ብቻ ይበቃህ ነበር። በዜል ለማታውቀው ሰው መላክ መንገድ ላይ ላገኘኸው ሰው ጥሬ ብር እንደማስያዝ ነው። ኢቤይም ከድረ ገጹ ውጭ ለተከፈለ ገንዘብ ዋስትና አይሰጥም። ጨረታ የተሸነፈ ሰው እልሁ ገና አልበረደም፤ ዕቃውንም በልቡ የራሱ አድርጎታል። ይቺን ሰዓት ነው የሚጠብቁት።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ፣ እናት)፦ ለልጄ ቶዮታ አገኘሁ፤ 3,500 ዶላር ብቻ። ሻጩ ወታደር ነኝ፣ ወደ ውጭ ልሄድ ነው ይላል። መኪናው ኢቤይ ዘንድ ነው፤ በኢቤይ ጊፍት ካርድ ከፍለሽ መኪናውን እስክታዪው ድረስ ገንዘቡን እነሱ ይይዙታል አለኝ።

መልስ፦ እናታችን፣ እባክዎን እንዳይከፍሉ። ኢቤይ መኪና ተረክቦ የሚያስቀምጥበት ግቢ የለውም። የጊፍት ካርዱን ቁጥር በስልክ ነገሩት ማለት ገንዘቡን ሰጡት ማለት ነው። ይህ ማጭበርበር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሌላ ድረ ገጽ ላይ በወጣ ማስታወቂያ ነው፤ የኢቤይ ስም የሚጠራው ለማሳመን ብቻ ነው። ቁጥሩን አስቀድመው ሰጥተው ከሆነ ካርዱንና ደረሰኙን ሳይጥሉ ዛሬውኑ ኢቤይ ጋ ይደውሉ። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ያመልክቱ።

ኢቤይ ለመኪና የተለየ ዋስትና አለው፤ እስከ 100,000 ዶላር ይደርሳል። የሚሠራው ግን ግዢው እዚያው ኢቤይ ላይ ከተፈጸመ ነው። ሌላ መኪና ሲያገኙ ቪን የሚሉትን የሻሲ ቁጥር ይጠይቁ። ኤንአይሲቢ የሚባለው የኢንሹራንስ ወንጀል የሚከታተል ተቋም ድረ ገጽ ላይ በነጻ ሲያስገቡት መኪናው የተሰረቀ ወይም በአደጋ ከጥቅም ውጭ የተባለ እንደሆነ ሊያሳይዎት ይችላል። ከዚያ መካኒክ ይዘው ሄደው በዓይንዎ ይዩት። ሻጩ «ማየት አይቻልም» ካለ፣ ይተውት።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሁለት አይፎን ገዝቼ በካርጎ አዲስ አበባ ላክሁ። ሲከፈቱ የሌላ ሰው አካውንት ይጠይቃሉ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ይከብዳል። የኢቤይ ዋስትና በመደበኛው ዕቃው ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ነው። ከባዱ ግን ሌላው ነው፤ ዕቃው አንዴ ከደረሰህ በኋላ ወደ ሌላ አድራሻ ከላክኸው ዋስትናው ይቀራል። አገር ቤት የሚልኩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። ሳጥኑን ሳይከፍቱ ለካርጎ ያስረክቡታል። ስጦታው ታሽጎ ቢደርስ ደስ ይላል፤ ግን ክፈቱት።

አሁን ለሻጩ በኢቤይ በኩል ጻፍለት። ስልኮቹ የቆለፉት በቀድሞው ባለቤት አካውንት ስለሆነ መቆለፊያውን እሱ ከራሱ አካውንት ላይ ሊያነሳው ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ሳጥኑን ስትከፍት ቪዲዮ ቅረጽ። ስልኩን አብራና እስከ መጨረሻው ሴት አፕ አድርገው። *#06# ስትደውል የሚመጣውን አይኤምኢአይ የሚሉትን የስልኩን መለያ ቁጥር ተሰርቋል ተብሎ እንዳልተመዘገበ አጣራ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ዋጋ በጨመርኩ ቁጥር አንድ ሰው ወዲያው ይበልጠኛል። የሻጩ ጓደኛ ቢሆንስ?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ክልክል ነው ግን ይደረጋል። የጨረታውን ታሪክ ክፈች። የተጫራቾች ስም ቢሸፈንም እያንዳንዱ ከተጫረተው ውስጥ ስንት በመቶው ከዚህ ሻጭ ጋር እንደሆነ ያሳያል። ሰውየው ሁልጊዜ እሱ ጋ ብቻ የሚጫረት ከሆነ ጠርጥሪ። ያለበለዚያ የመጨረሻ ዋጋሽን አንዴ አስገቢና ተይው።

ጥያቄ (በጽሑፍ የደረሰን)፦ ክሬዲት ካርድ የለኝም። በዴቢት ብከፍልስ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ በኢቤይ ውስጥ እስከሆነ ድረስ። ነገር ግን በዴቢት ከፍለህ ችግር ቢፈጠር፣ ገንዘቡን ለማስመለስ የምታደርገው ክርክር እስኪያልቅ የሚጎድለው የራስህ ገንዘብ ነው፤ የቤት ኪራይ ቀን ከደረሰ ያስጨንቃል። በፔይፓል ከሆነ ደግሞ ሻጩ «ፍሬንድስ ኤንድ ፋሚሊ በሚለው ላክልኝ፣ ኮሚሽን እንዳይቆረጥብኝ» ሊልህ ይችላል። እሺ አትበል። በዚያ በኩል የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም።