ከላምበረት እስከ ደሴ ዕቃው የማን ነው?

እንደምን ዋላችሁ! ንግግር አልችልም ብዬ ለምኜ ነበር፣ አልሰማችሁኝም፣ ስለዚ ብንተባተብ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ዕቃ የምታደርሱ ሞተረኞች ከኋላ ለምን ቆማችሁ? ኑ ተቀመጡ እንጂ፣ የዛሬው ወሬ ኦንላይን ስለሚሸጥ ዕቃ ነው፣ እናንተንም ይነካል።

እኔ ቴሌግራም ላይ የቡና ዕቃ ነው የምሸጠው፣ ሲኒ ረከቦት ጀበና ምናምን። አምና ደሴ ያለች ደንበኛ ሁለት ደርዘን ሲኒ አዘዘች፣ ብሩንም ቀድማ አስገባች። እኔም በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶኑን በፕላስተር ዙሪያውን አስሬ "ተሰባሪ" ብዬ ጽፌበት ላምበረት መናኸሪያ ወስጄ ለአውቶብስ ረዳት ሰጠሁት። ማታውኑ ደወለች። "እህቴ፣ ካርቶኑ ሲነሳ ሿ ሿ ይላል" አለችኝ። ስትከፍተው ከ24ቱ የተረፈው 15 ነው። ረዳቱ ጋ ስደውል "ስትሰጪኝም ይንኳኳ ነበር" አለኝ! እሷ ከፍያለሁ ትላለች፣ እኔ ደህናውን ነው የሰጠሁት እላለሁ፣ እሱ ደግሞ እኔ አልነካሁም ይላል፣ ሦስታችንም እንምላለን፣ ማን ዋሸ ብባል እስካሁን አላውቅም። በመጨረሻ ኪሳራውን ከሷ ጋ ለሁለት ተካፈልነው። ያናደደኝ ግን ሲኒው አይደለም፣ ዕቃው መንገድ ላይ እያለ የማን እንደሆነ ቀድመን አንድ ቃል አለመነጋገራችን ነው።

አሁን ሳልልክ በፊት ቻት ላይ እጽፋለሁ፣ "መንገድ ላይ ከተሰበረ በኔ ነው፣ ለዛም ዋጋው ላይ ትንሽ ጨምሬያለሁ"። ደንበኛ ይሸሻል ብላችሁ ነበር፣ አልሸሸም። ሳሽግ በቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ እያንዳንዱ ሲኒ ውስጥ ወረቀት እጠቀጥቃለሁ፣ ከዛ ካሜራው ፊት ካርቶኑን አንቀጠቅጠዋለሁ፣ ድምፅ ካለ እንደገና ይፈታል። የአውቶብሱን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ለገዢዋ እልካለሁ። ገዢዋም ፕላስተሩን ሳትቀድ በፊት ቪዲዮ ትክፈት፣ ከፍታ ከጨረሰች በኋላ የተነሳ ፎቶ ብዙም አይረዳትም።

ያ ቻት ደግሞ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም ይላል። ችግሩ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፣ ስለዚ ስምምነቱን ወዲያው ስክሪንሾት አርጉት። እንከን ያለበት ዕቃ ከደረሳችሁም በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 መሠረት በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ብሬ ይመለስ ማለት ትችላላችሁ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ብለው ቻናላቸው ላይ የለጠፉ እዚህ አሉ፣ አላየኋችሁም ልበል?

ለክፍያ ግን ስክሪንሾት አትመኑ፣ እሱን ማንም ልጅ በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ "ከፍያለሁ፣ ይኸው" ሲባል ዕቃውን እንዳይሰጥ፣ ሻጯ የራሷን ባላንስ እስክታይ ይጠብቅ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፣ ከግል ቁጥር የመጣ "ገቢ ሆኗል" የሌባ ነው። ገዢዎችም ለማታውቁት ሻጭ ሙሉ ብር ቀድማችሁ አታስገቡ፣ ብሎክ ከተደረጋችሁ በኋላ የት ትሄዳላችሁ፣ ሱቅ የለው። ከተማ ውስጥ ከሆነ አይታችሁ ክፈሉ። ሳይከፈል አይከፈትም የምትሉ ሻጮች እውነት ለመናገር ታስጠሉኛላችሁ፣ ጫማ ሳይለካ ይገዛል እንዴ?

የደሴዋ ልጅ አሁንም ደንበኛዬ ናት። በቅርቡ ጀበና አዘዘች፣ መንገዱ በኔ ነው ብዬ ጻፍኩላት፣ ቪዲዮውንም ልላክልሽ አልኳት። "አመሰግናለሁ እህቴ" አለችና አዲስ አበባ የመጣች አክስቷን ሱቄ ድረስ ላከችብኝ። አክስትየው ጀበናውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ደሴ ገባች።