«የላም በረት» የሚል ክፍል

የተከበራችሁ መምህራን፣ ሞግዚቶች፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎችና ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ሥራ እንደሚጠብቃችሁ አውቃለሁ። ያንን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልሞክር። ተረት ተረት!

ሰማችሁ? አዳራሹ በሙሉ «የላም በረት» አለ። ማንም አላሰበበትም። ብዙዎቻችሁ ይህን ከተማራችሁ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት አልፏል። አፋችሁ ግን አልረሳውም። ተረት ነጋሪዋ መልሳችንን ሳትሰማ አትቀጥልም ነበር። ዛሬ ስለ ታብሌቱም ስለ ስማርት ቲቪውም የምለው ከዚህ አይርቅም። ክፍል ውስጥ የምናስገባው መሣሪያ የልጁን መልስ ይጠብቃል ወይ?

ለሥልጠና ብዙ ኬጂዎች ገብቻለሁ። አንድ ጠዋት ያየሁት ግን ከፊቴ አይጠፋም። የአራት ዓመት ልጆች ናቸው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቲቪ ተሰቅሏል። ዩቲዩብ ላይ የእንግሊዝኛ የልጆች መዝሙር ተከፍቷል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይቀጥላል። መምህሯ ጥግ ላይ ደብተር ታርማለች። አልፈርድባትም፤ አርባ ልጅ ለብቻዋ ይዛለች። አንድ ልጅ ተነስቶ ቲቪው ጋ ተጠጋና ለምትዘፍነው ዳክዬ «ስምሽ ማነው?» አላት። ቆሞ ጠበቃት። እሷ መዝፈኗን ቀጠለች። ድጋሚ ጠየቃት። ከዚያ ቦታው ሄዶ ቁጭ አለ። ሦስተኛ አልጠየቀም።

ይህን ሳይ ፕላዝማ የምንለው የሃይስኩል የቲቪ ትምህርት ትዝ አለኝ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሃይስኩል የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ይፈጥናል። ጥያቄ ይሰጠናል፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። መምህራችን ዳር ቆሞ አብሮን ያያል። እጅ ብናወጣ ማን ያየናል? አሥራ አምስት ዓመት የሞላን ልጆች እንደዚያ ከተቸገርን፣ ገና አፉን በመፍታት ላይ ያለ ልጅ እንዴት ይሆናል?

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ለ9 ወር ሕፃናት የቻይናን ማንዳሪን ቋንቋ አሰሙ። አንዳንዶቹን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያጫወተና እያነበበላቸው፣ 12 ጊዜ። ሌሎቹ ያንኑ በቲቪ አዩት። ሰው ያጫወታቸው ሕፃናት የማንዳሪንን ድምፆች መለየት ቻሉ። በቲቪ ያዩት ግን ቋንቋውን ፈጽሞ ካልሰሙት ልጆች አልተሻሉም። ቃሉ አንድ ነው፤ የጎደለው የሚያያቸው ዓይን ነው።

እንግዲህ ቴክኖሎጂ ይውጣ ልትለን ነው እንዳትሉኝ። በፍጹም! በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ የሆነውን ስሙ። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ማንበብ ለማይችሉ የገጠር ልጆች በካርቶን የታሸጉ ታብሌቶች ሰጠ። አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። የድርጅቱ ሰዎች እንደተናገሩት፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በሁለት ሳምንት ኤቢሲዲ መዝፈን ጀመሩ። ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እንኳ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው ከፈቱት። የእኛ ልጆች ናቸው፤ ደስ ይለኛል። ታብሌቱ ሲነኩት ይመልሳል፤ ሲተዉት ይጠብቃል። ከዳክዬዋ የሚለየው በዚህ ነው። ግን የሚከነክነኝም አለ። የዘፈኑት ኤቢሲዲ ነው። በእናታቸው ቋንቋ የሚያወራቸው አላገኙም።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ከዚያም ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የሙሉ ቀን ሒሳብ ነው። ቤት ማታ የሚታየው ካርቱንም ይደመራል። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ቤት ስንት ሰዓት እንደሚያይ ለመምህሯ ንገሯት። እሷም ክፍል ውስጥ የከፈተችውን በመገናኛ ደብተሩ ትጻፍላችሁ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። አንዲት የዜሮ ክፍል መምህርት አውቃለሁ። ክፍሏ ቲቪ የለም። ታብሌት የለም። ያላት የራሷ ስልክ ነው፤ ስክሪኑም ተሰንጥቋል። ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ የሰፈሩን ድምፅ ትቀዳለች። ቡና ሲወቀጥ፣ የታክሲ ረዳት ሲጣራ፣ ደወል፣ አዛን፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ። ልጆቹን ክብ አድርጋ ታስቀምጥና ስልኩን መሃል በጨርቅ ትሸፍነዋለች። ከዚያ ድምፁን ታሰማለች። «ምንድን ነው?» ስትል ክፍሉ ይናወጣል። አንዷ «የእማዬ ሙቀጫ ነው» ትላለች። አንዱ «አይደለም፣ አናጢ ነው» ይላል። ይከራከራሉ። ቃል ይዋዋሳሉ። እሷ ደግሞ ቶሎ መልሱን አትነግራቸውም። በሚቀጥለው ቀን ልጆቹ ራሳቸው ተረት ይነግራሉ፤ ትቀዳና መልሳ ታሰማቸዋለች። አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ያለች ልጅ የራሷን ድምፅ ስትሰማ እንዴት እንደሳቀች ነግራኛለች።

ፊደሉም እንዲሁ ነው። ድሮ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስንደዶውን ይዞ እያንዳንዷን ፊደል ራሱ እየነካ ይል ነበር። እጁም አፉም ይሠራል። ታብሌት ላይ «ሀ»ን በጣቱ ሲከተል ደስ ይለኛል፤ ግን ያኔውኑ በአሸዋም፣ በጠመኔም፣ በእርሳስም ይጻፋት። መስታወት ላይ የሚንሸራተት ጣት እርሳስ መያዝ አይለምድም።

ታብሌት ያላችሁ ለሁለት ልጅ አንድ ስጡ። አንድ ልጅ ብቻውን ዝም ይላል፤ ሁለት ሲሆኑ ያወራሉ። ቪዲዮ ከሆነ ቀድማችሁ እዩት፣ አውርዳችሁ ያዙት። ማስታወቂያም አይገባም፣ ኔትወርክ ቢጠፋም አትቸገሩም። በራሱ የሚቀጥለውን አጥፉት። መሃል ላይ አቁሙና «አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በሉ። ከዚያ ጠብቁ። አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ እኛ በየቤታችን እንመልስ አልነበር? በቲቪ ውስጥ ሆነው እንኳ ለእኛ ቦታ ነበራቸው።

ወሬው ይበቃል፤ ብንሞክረው ይሻላል። ያቺ መምህርት አራት ድምፅ ልካልኛለች። ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉ። ስልኩን በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ። የሚያውቅ ቶሎ አይናገር፤ መጀመሪያ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይከራከር። የመጀመሪያው ይኸው።