አንገቱ የጸና ትራይፖድ፦ ለደጋ አደን ቀላል ጭንቅላት ስለመምረጥ

የተከበራችሁ የአደን መሪዎች፣ ስካውቶች፣ በዚህ በጋ ፈቃድ አውጥታችሁ ወደ ደጋ የምትወጡ አዳኞች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው በትራይፖዱ (በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ) እግሮችና በመነጽሩ መካከል ስለሚቀመጠው፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ስለማይበልጠው ዕቃ ነው፤ መነጽሩን ወይም ጠመንጃውን ይዞ ስለሚያዞረው ጭንቅላት። ሰው ለመነጽሩ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፣ ለጠመንጃው ስኮፕ ያማርጣል፣ የካርቦን ፋይበር እግር ከውጭ ያስመጣል፤ ጭንቅላቱን ግን ከእግሩ ጋር የመጣውን ይዞ ይወጣል። ተራራ ላይ የሚንቀጠቀጠው፣ ቀስ እያለ የሚዘነብለው፣ ሊተኩስ ሲል የሚከዳው ታዲያ እሱ ነው።

በሙነሳ ይሁን በኦዶ ቡሉ ወይም በአባሸባ ደመሮ የአደን ቀጠና፣ የደጋ አጋዘን አደን በአብዛኛው ቅኝት ነው። እንስሳው ጎህ ሲቀድና ወደ ማታ ከአስታው ጥሻ ወጥቶ ይግጣል፤ ፀሐይ ስትበረታ ተመልሶ ይገባል። አዳኙም ሸንተረር ላይ ተቀምጦ ማዶውን ለሰዓታት ያያል። ተኩሱ ከመጣ የደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ላይመጣም ይችላል። ስለዚህ ጭንቅላት ስትገዙ መጀመሪያ ለዓይን ምረጡት፤ ለጠመንጃ መሆኑን ቀጥላችሁ አረጋግጡ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ጠመንጃ አጥብቆ የሚይዝ፣ በመነጽር ሲዞሩበት ግን የሚያታክት ብረት ተሸክሞ ይውላል።

መረጋጋት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ በቁጥር እንየው። 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር በእጅ ለጥቂት ደቂቃ ይያዛል። 15 ጊዜ የሚያጎላው ግን ያለ ትራይፖድ የልብ ምታችሁን ብቻ ያሳያችኋል። ስፖቲንግ ስኮፕ (በአንድ ዓይን የሚታይበት የሩቅ መነጽር) 40 ላይ ሲደርስ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚያሳየው ስፋት ከ20 እስከ 30 ሜትር ገደማ ነው። ጭንቅላቱ 1 ዲግሪ ብቻ ቢዘነብል እይታው በዚያ ርቀት 17 ሜትር ይሸሻል፤ ያያችሁት እንስሳ ከመስታወቱ ወጣ ማለት ነው። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ፈቃድ የያዘ ሰውም ቢሆን የሚተኩሰው እንስሳ በፈቃዱ ላይ የተጻፈው መሆኑን መለየት አለበት። የደጋ አጋዘን ሴቷ ቀንድ የላትም፤ እሷን ከወንዱ መለየት ቀላል ነው። ጎልማሳውን ወንድ ገና ካልጠነከረው መለየት ግን የቀንዱን ጥምዝ፣ የግንዱን ውፍረትና የጫፉን አቅጣጫ ረጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል። በሚንቀጠቀጥ ምስል ይህን መፍረድ በእንስሳው ሕይወት ላይ መገመት ነው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንግባ። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ቦል ሄድ ነው፤ አንድ የብረት ኳስ፣ ኳሱን የሚያንቀው ማጥበቂያ፣ ከሥር ደግሞ የሚዞር መሠረት። ቀላልና ትንሽ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ አያደናቅፍም፣ ጠመንጃን በማንኛውም አቅጣጫ አዘንብሎ ይይዛል። ለቅኝት ግን ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ማጥበቂያውን ስትለቁት ኳሱ በሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ከባዱ ስኮፕ በአፍንጫው ይደፋል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፦ የሚዞረው መሠረት ከኳሱ በታች ነው። እግሮቹ በተዳፋት ላይ ቆመው መሠረቱ 5 ዲግሪ ያዘነበለ እንደሆነ፣ እናንተ መነጽሩን በኳሱ ብታስተካክሉትም ወደ ጎን ስታዞሩት እይታው በዚያው ዝንባሌ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሩብ ዙር ስትዞሩ በ1 ኪሎ ሜትር ላይ ልዩነቱ ወደ 87 ሜትር ይጠጋል። ማዶውን መስመር በመስመር አየሁት ያለ ሰው፣ ግማሹን ሳያየው አልፎታል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ የእግሮቹን ርዝመት አስተካክሎ መሠረቱን በውኃ ልኩ ልክ ማድረግ፣ ወይም ከኳሱ በላይ፣ ዕቃውን ቆንጥጦ በሚይዘው መንጋጋ ሥር፣ ሌላ የሚዞር ክፍል ያለው ቦል ሄድ መግዛት። ሁለተኛው ከ100 ግራም ያልራቀ ጭማሪ ነውና አትሳሱለት።

ፓን ሄድ ለዓይን የተሠራ ነው። ወደ ጎን የሚዞርበትና ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘነብልበት ክፍል የተለያዩ ናቸው፤ እጀታውን ይዛችሁ በቀስታ ትገፋላችሁ፣ ስትለቁት ባለበት ይቆማል። ማዶውን ከግራ ወደ ቀኝ ከጠረጋችሁ በኋላ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ከቀኝ ወደ ግራ ትመለሳላችሁ። ቅኝት ማለት ይኸው ነው፣ ለዚህም ከፓን ሄድ የሚተካከል የለም። ጉድለቱ በጠመንጃ ላይ ይታያል፦ ወደ ግራና ቀኝ ጎን የሚያጋድልበት መገጣጠሚያ የለውም። እግሮቹ ልክ ካልሆኑ ጠመንጃው ተጋድሞ ይቀመጣል። የተጋደመ ጠመንጃ ጥይቱን ወደ ተጋደመበት ጎን ይወስደዋል፤ ጥይቱ በጉዞው 60 ሴንቲሜትር የሚወርድበት ርቀት ላይ 5 ዲግሪ መጋደም ወደ 5 ሴንቲሜትር የጎን ስህተት ያመጣል። በ100 ሜትር አይታወቅም፤ በ300 ሜትር ከነፋስና ከእጅ ስህተት ጋር ሲደመር ግን ያቆስላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ በውስጡ ግራሶ ያለው ፓን ሄድ ውርጭ ባለበት ንጋት ይጠጥራል። ሞቃት ሱቅ ውስጥ ቅቤ የመሰለው እንቅስቃሴ በጠዋት ብርድ እየተጎተተ ሊሄድ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ከተቻለ አንድ ሌሊት ውጭ አሳድሩት።

ሦስተኛው የተገለበጠው ቦል ሄድ ነው። ኳሱ ከታች፣ የሚዞረው ክፍል ከላይ። ተራራ ላይ ስትደርሱ ኳሱን አንድ ጊዜ ልክ አድርጋችሁ ታጠብቁታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ መዞሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠመንጃም ሲጫንበት አይጋደምም። አንድ ጭንቅላት ብቻ ይዞ ወጥቶ መቃኘትም መተኮስም ለሚፈልግ ሰው የኔ ምርጫ ይህ ነው። የምትጠነቀቁት ጭንቅላቱን ልክ ለማድረግ ብቻ ከሥሩ ከሚገባውና ከእሱ ጋር ከሚምታታው ማስተካከያ መሠረት ነው። ያኛው ብዙ ጊዜ ከ15 ዲግሪ ገደማ በላይ አያዘነብልም፤ ከገደል አፋፍ ወደ ታች ሸለቆ ለሚያይ ሰው ይህ አይበቃም፣ በላዩ ትንሽ ፓን ሄድ መጨመር ይጠይቃል። ሁለቱ ተደምረው ደግሞ ቀላልነታቸው ያልቃል።

ክብደት ላይ ግልጽ እንሁን። ከ28 እስከ 30 ሚሊሜትር ኳስ ያለው ቦል ሄድ ከ250 እስከ 300 ግራም ይመዝናል። ከ36 እስከ 40 ሚሊሜትር ኳስ ያለው ከ350 እስከ 500 ግራም። ለአዳኝ የሚሆን ፓን ሄድ ከ300 እስከ 600። በትንሹና በትልቁ ኳስ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ብርጭቆ ውኃ ያህል ነው። ኳስ የሚይዘው በፍትጊያ ነው፤ ፍትጊያው ከመሐሉ በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ትንሹ ኳስ ለ10 በ42 (10 ጊዜ ለሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር ለሆነ) መነጽር በቂ ነው፤ ለጠመንጃ ግን አይሆንም። ክብደት መቀነስ ከፈለጋችሁ የመሐሉን ምሰሶ አውጥታችሁ ጣሉት፤ እሱ ከፍ ባለ ቁጥር መንቀጥቀጥ ከማብዛት ሌላ ጥቅም የለውም። ከዕቃው ሥር ታስሮ መንጋጋው የሚይዘውን ረጅም ፕሌት በአጭር ለውጡት። ተቀምጣችሁ የምትቃኙ ከሆነ አጠር ያለ እግር ያዙ። ጭንቅላቱን ግን አታሳሱት።

ሳጥኑ ላይ «15 ኪሎ ይችላል» ተብሎ ስለተጻፈው ደግሞ፣ አትመኑት አልልም፣ ነገር ግን ምን እንደለካ አይነግራችሁም። ሸክም በመሐል ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍና ወደ ፊት ሲያዘነብል አንድ አይደለም። 4.5 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ሚዛኑ ከጭንቅላቱ መሐል 10 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ቢወጣ ጭንቅላቱን በ4.4 ኒውተን ሜትር ያጣምመዋል። ሚዛኑ ላይ ብታስቀምጡት ያው ጠመንጃ ያለ ማጥበቂያም ሊቆም ምንም አይቀረው። ስፖቲንግ ስኮፕም እንዲሁ ነው፤ ማጥበቂያውን ላላ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን ከሥሩ ሳትለዩ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እስከማይደፋ ድረስ ፕሌቱን አንሸራትቱት፣ ከዚያ አጥብቁ። ቀላል ጭንቅላት ከባዱን የሚያሸንፈው በዚህ ብልሃት ነው።

አሁን ወደ ማያያዣው። ዛሬ የተለመደው አርካ የሚባለው፣ ወደ 38 ሚሊሜትር የሚሰፋ፣ ጎኖቹ በዝንባሌ የተቆረጡ ፕሌት ነው። መነጽራችሁ፣ ስፖቲንግ ስኮፓችሁና ጠመንጃችሁ ሁሉም በዚሁ ይግጠሙ፤ አንዱ በሌላ ዓይነት ቢሆን አጋዘኑ ሲወጣ ብሎን ስትፈቱ ትቀራላችሁ። የፋብሪካዎች ልክ በጥቂት ነጥብ ሚሊሜትር ይለያያል። ሊቨር ያለው መንጋጋ ፈጣን ነው፣ ግን ትንሽ ሰፊውን ላይዘጋበት፣ ትንሽ ጠባቡን ላያጠብቀው ይችላል። በብሎን የሚጠብቀው ይዘገያል፣ ሁሉንም ይይዛል። የተለያዩ ፕሌቶች ያላችሁ በብሎን የሚጠብቀውን ውሰዱ። ከፕሌቱ ሥር ያሉትን ሁለት ትናንሽ የማቆሚያ ብሎኖች ደግሞ አታውጡ፤ መንጋጋው ሲላላ ስኮፑ ተንሸራቶ ገደል እንዳይገባ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ጭንቅላቱ ከእግሩ ጋር የሚገናኘው ብዙ ጊዜ ሦስት ስምንተኛ ኢንች በሆነ ብሎን ነው፤ ዕቃው ከፕሌቱ ጋር የሚገናኘው በሩብ ኢንች። ከታች ያለው ብሎን አንድ ተንኮል አለው፦ መሠረቱ ጠብቆ ሳለ መነጽሩን በጉልበት ወደ ግራ ስታዞሩት ጭንቅላቱ ከእግሩ ይፈታል። ቀኑን ሙሉ ስትቃኙ ውላችሁ ማታ ላይ «ይህ ትራይፖድ ላልቷል» የምትሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከእግሩ ጠፍጣፋ ሥር ወደ ላይ የሚገቡ ትናንሽ ማገጃ ብሎኖች ካሉ በአለን ቁልፍ አጥብቋቸው፤ ከሌሉ በዋናው ብሎን ጥርስ ላይ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርጉ። ሰማያዊው ሲፈለግ ይፈታል፤ ቀዩን ግን አትጠቀሙ፣ ያለ እሳት አይለቅም።

ለተኩስ ሲሆን፣ ጠመንጃው ከእንጨቱ ሥር የአርካ ሐዲድ ካለው፣ ከካዝናው ፊት ለፊት ሚዛኑ በሚመታበት ቦታ ያዙት። ሐዲድ ከሌለው በጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ከረጢት አስቀምጣችሁ እንጨቱን አሳርፉበት። በርሜሉን በምንም ነገር ላይ አታሳርፉ፤ ተኩሱ ከተስተካከለበት ቦታ ይለወጣል። እንደ 375 ካሊበር ያለ ከባድ ጠመንጃ በቀላል ጭንቅላት መንጋጋ ውስጥ አስራችሁ አትተኩሱ፤ ወደ ኋላ ሲረግጥ ኳሱን ያንሸራትተዋል፣ የመንጋጋውን ብሎንም ያጎብጣል። ለእሱ ከረጢቱ ይሻላል። ቦል ሄድ የምትጠቀሙ ደግሞ ኳሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን የሚወድቅበት ቅርቅር ወደ እናንተ ወይም ወደ ዒላማው እንዳይዞር አድርጉ፤ ጠመንጃው በድንገት እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ትራይፖድ ላይ ታስሮ ብቻውን አይተውም፤ ነፋስ ይጥለዋል።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ የሚያሳያችሁን ባዶ ጭንቅላት አታሽከርክሩ። የራሳችሁን ስኮፕ ይዛችሁ ሂዱ። በ40 ማጉላት ሩቅ ባለ ሕንፃ ላይ አንድ ፊደል መሐል አድርጉና አጥብቁ። እጃችሁን ስትለቁ ፊደሉ ምን ያህል ወረደ? ሁሉም ትንሽ ይወርዳል፤ ከመስታወቱ ሩብ በላይ ከወረደ ተዉት። ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ዳግም እዩ፤ እየወረደ ከሆነ ያ ጭንቅላት ቢያብረቀርቅም አይያዝም። ከዚያ ጓንት አጥልቃችሁ ማጥበቂያዎቹን በየተራ ንኩ፤ ሳታዩ መለየት ካልቻላችሁ ጎህ ሳይቀድ በጨለማም አትለዩዋቸውም።

ስለ እንክብካቤ አጭር ነገር አለኝ። ኳሱን ዘይት አትቀቡት፣ የሚይዘው በፍትጊያ ነውና። አቧራ ሲገባበት በደረቅ ጨርቅ እየዞራችሁ ጥረጉት፤ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰማችሁ አሸዋ ገብቷልና ሳይጠረግ አታዙሩት፣ ኳሱን ይቧጥጠዋል። ዝናብ ከመታው ማጥበቂያዎቹን ሁሉ አላልታችሁ አድርቁት። የአለን ቁልፎቹን ከትራይፖዱ አንድ እግር ጋር በፕላስተር አስራችሁ ያዙ፤ ካምፕ የቀረ ቁልፍ ተራራ ላይ አይደርስላችሁም።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስቱም ዓይነቶች ተዘጋጅተዋል። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ኑና፣ ስኮፑን ጭናችሁ ከመስኮቱ ማዶ ባለው ግንብ ላይ ሞክሯቸው።