ራዳሩ ስለማያየው ተዳፋት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ዛሬ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ላተኩር፤ በመሬት መንሸራተት ካርታዎቻችን ላይ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚታየው ተዳፋት።

የአውሮፓ የራዳር ሳተላይት ሴንቲኔል-1 እ.ኤ.አ. በ2014 ከመጠቀ ወዲህ ሥራችን ተለውጧል። ሳተላይቱ በየ12 ቀኑ በያዘው መስመር ይመለሳል፤ መረጃውም በነፃ ይሰጣል። ወደ መሬት የሚልከው የራዳር ሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መሬቱ በሳተላይቱ እይታ አቅጣጫ 2.8 ሴንቲሜትር ሲንቀሳቀስ ሄዶ የሚመለሰው ሞገድ አንድ ሙሉ ዑደት ይዛነፋል። የዓመታት ምስሎች ሲደራረቡ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር የሚንፏቀቅ ተራራ ሳይቀር ይለያል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ሜይ 20 ቀን 2017 የተናደው የመድ ክሪክ ተዳፋት ከመናዱ በፊት ለዓመታት በዝግታ ሲንሸራተት እንደነበር የራዳር መረጃ አሳይቷል። ከረጅም ድርቅ በኋላ የመጣው ብርቱ ዝናብ በአፈሩ ውስጥ ያለውን የውኃ ግፊት ከፍ አደረገው፤ ዝግታውም አበቃ። የራዳር መረጃው ይህን ያሳየው ግን ከሥሩ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከተቀበረ በኋላ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሳተላይቶቹ ከዋልታ ወደ ዋልታ እየበረሩ የሚያዩት ወደ ጎን፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚንሸራተት ተዳፋት ቢንቀሳቀስም ሞገዱ ላይ የሚተወው ምልክት እጅግ ትንሽ ነው። በካርታው ላይ ግን እንደ ጸና መሬት አረንጓዴ ተቀብቶ ይወጣል! ከሥሩ የሚኖረው ሰው ያንን ቀለም አይቶ ይተኛል። ጥቅጥቅ ያለ ደንም ምልክቱን ያደበዝዘዋል፤ እዚህ ላይ ናይሳር የተባለው የአሜሪካና የሕንድ የራዳር ሳተላይት 24 ሴንቲሜትር ሞገድ ብዙ ያግዘናል፤ የአቅጣጫውን ችግር ግን አይፈታም።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ደንብ እንዲያጸድቅ እጠይቃለሁ። ተለክቶ ጸጥ ያለው መሬትና ጨርሶ ሊለካ ያልቻለው በአንድ ቀለም አይሣሉ። ራዳሩ በማይደርስበት ተዳፋት ላይ ጂፒኤስ ይተከል፣ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ካስማ ተመትቶ ርቀቱ ይለካ፣ ነዋሪውም ይጠየቅ። የዘመመ ግንድ፣ በየዝናቡ የሚሰፋ ስንጥቅ፣ አልዘጋ ያለ በር ከማንም በፊት የሚያየው እሱ ነው።

ረቂቁ በእጃችሁ ይገኛል፤ ከሰዓት በኋላ እንወያይበታለን። ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።