መኪናው መንገድ ላይ ሳይቆም፦ ለአዲስ ሹፌሮችና መካኒኮች ደሴ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አዛዦች፣ ስልጠናችሁን ጨርሳችሁ ወደየክፍላችሁ የምትሄዱ ሹፌሮችና መካኒኮች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የማወራችሁ ስለ ቅድመ ጥገና ነው። መኪናና መሣሪያ ሳይበላሽ በፊት ስለሚደረግለት እንክብካቤ ማለቴ ነው። ሞተር አውርዶ ያደሰ መካኒክ ይመሰገናል። ማለዳ ተነስቶ ዘይትና ውሃ ያየ ሹፌር ግን ማንም አያየውም። ዛሬ ስለዚህ ስለማይታየው ሰው ልናገር።

መንገድ ላይ የተበላሸ አንድ ኦራል የጭነት መኪና ከኋላው ያለውን ኮንቮይ በሙሉ ያቆማል። የጫነው ውሃና ስንቅ አይደርስም። ቁስለኛ የጫነ አምቡላንስ ቢሆንስ? እሱን ለእናንተ ልተወው።

አገሩን ታውቁታላችሁ። ወሎ ለመኪና የሚራራ አገር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በየገደሉ መንገድ እየተቆረጠ ወራት ፈጅቷል። ዛሬ መንገዱ አለ፤ ገደሉም አለ። ደሴ ላይ ጋቢ ደርባችሁ ያስነሳችሁትን መኪና በባቲ በኩል ብትነዱት፣ በዚያው ቀን ሚሌ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ወረዳችሁ ማለት ነው። ብርዱም፣ ሙቀቱም፣ አቧራውም የሚያርፈው በዚያው ሞተርና በዚያው ጎማ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ፍሬን። ከዚህ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ግን በኪሎ ሜትር አትለኩት። ጭነት የያዘ መኪና ያንን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ ከወረደ የፍሬን ሸራው ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረገጥም አይዝም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባዱን፣ ማለትም ዝቅተኛውን ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ይሄ የአነዳድ ጉዳይ ነው፣ ጥገና ምን አገባው የሚል ይኖራል። በደንብ ያገባዋል። ሸራ የሚያልቀው በሹፌሩ እግር ነው።

የንፋስ ፍሬን ላላቸው መኪኖች ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ንፋሱን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ከውጭ የሚስበው አየር እርጥበት አለው። እርጥበቱ የንፋስ ታንኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። ማታ መኪናውን ካቆማችሁ በኋላ ከታንኩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ክፈቷት። መጀመሪያ የሚወጣው ዝም ብሎ ንፋስ አይደለም። ቡናማ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እየተፋ ይወጣል፤ እጅ ላይ ያሟልጫል። ደረቅ ንፋስ እስኪሆን ጠብቁ። ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው። ካላፈሰሳችሁት ውሃው የንፋሱን ቦታ ይይዛል፣ ቫልቩን ያዝገዋል። እንደ ደላንታ ባለ ውርጭ አገር ደግሞ ሌሊት ቱቦ ውስጥ በረዶ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ፍሬኑ አልለቅም ወይም አልይዝም ቢላችሁ አትደነቁ። የሚወጣው ዘይት ከወትሮው ከበዛ ኮምፕረሰሩ ችግር አለበትና ለመካኒኩ ንገሩት።

ራዲያተርም እንዲሁ ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል ተብለን ተምረናል። በደሴ ከፍታ ግን 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ ግፊቱን አምቆ የሚይዘው ክዳኑ ነው። የክዳኑ ጎሚኒ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ መኪናው ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ ሲወጣ ማፍላቱ አይቀርም። ሰው ግን ያቺን ክዳን ረስቶ ራዲያተሩን ያስበይዳል! ክዳኑን ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እዩት። በጋለበት መክፈት ፊትን ማቃጠል ነው።

ቆቦ ሜዳ ላይ በኮንቮይ ስትሄዱ የፊተኛውን መኪና አቧራ የሚበላው የእናንተ የአየር ፊልትሮ ነው። ስታጸዱት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ንፉት። ከውጭ ከነፋችሁት አቧራውን ራሳችሁ ታስገቡታላችሁ። ከዚያ መብራት ከውስጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን እዩት። በአንዲት ነጥብ እንኳ ብርሃን ጎልቶ ካለፈ ተቀድዷል፣ ይቀየር። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው አቧራ ፒስተኑንና የፒስተኑን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ እንደ ሞረድ ይበላቸዋል።

ጎማ ጠዋት ሳይሞቅ ይለካ። ሚሌ ደርሶ ሲግል ንፋሱ ይጨምራል፤ ያን አይታችሁ አታተንፍሱት። ሲቀዘቅዝ ይጎድላል። የጎደለ ጎማ ደግሞ እየተለመጠ ይግላል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል።

የቆመ መኪና ደህና ነው ብላችሁም አትተማመኑ። ባትሪው ይደክማል፣ ነዳጁ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ። ጄኔሬተሩም እንዲሁ። ሳይነሳ የከረመ ጄኔሬተር በጨለማ ስትፈልጉት አይነሳላችሁም።

አሁን ወደ አዛዦች ልምጣ። የዕለት ቁጥጥር ቅጹ ላይ ሁሉም ቦታ «ደህና» ተብሎ ተሞልቶ ይመጣል። ኮፈኑ ላይ ያለው አቧራ ግን የጣት ምልክት እንኳ የለበትም። ሹፌሩ ዋሽቷል፤ አዎ። ግን ከመቅጣታችሁ በፊት ጊዜ ሰጥታችሁት እንደነበር ራሳችሁን ጠይቁ። 12 ሰዓት ላይ እንዲወጣ የታዘዘ ሹፌር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀስቅሶ ምኑን ያየዋል? የጉዞ ትዕዛዝ ስትጽፉ የፍተሻውንም ሰዓት አብራችሁ ጻፉት። ሌላም አለ። «ጌታዬ፣ መኪናው ድምፅ አለው» ያላችሁን ሹፌር አትቆጡት። አንድ ጊዜ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም። ያኔ የምትሰሙት ከመንገድ ላይ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

«መለዋወጫ የለም» የሚለውንም እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ይጠፋል። ግን የላላ ዳዶ ለማጥበቅ ምን መለዋወጫ ያስፈልጋል? ግራሶ ለመቀባት፣ የባትሪ ጫፍ ለማጽዳት፣ ታንክ ለማፍሰስስ? እንዲያውም መለዋወጫ በጠፋበት ክፍል ያለውን ዕቃ ማቆየት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወጣቶቹ፣ አብሽሩ። ይህ ሥራ ትምህርት ብዙ አይጠይቅም፤ አለመሰልቸት ነው የሚጠይቀው። ሹፌርና መካኒክም አትናናቁ። ሹፌሩ የመኪናውን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። መካኒኩ ድምፁ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሁለቱ ካልተነጋገሩ መኪናው መሀል ላይ ይቀራል።

አሁን ግቢ ውስጥ ወደቆሙት መኪኖች እንወጣለን። አንድ ሹፌር ከአንድ መካኒክ ጋር፣ ሁለት ሁለት ሁኑ። በንፋስ ታንኩ ጀምሩ። የሚወጣውን በጣሳ ያዙና አምጡልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

አመሰግናለሁ።